«ከማን ጋር ሲነጻጸር?»፦ በሳጃና የእስር አድልዎን ራሳችን የምናጠናበት መመሪያ

በካርቱም በሳጃና ገበያ፣ የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጡት ሱቆች አጠገብ ሻይ የምታፈላ እህት ከሻ (የፖሊስ አፈሳ) መጣ ሲባል ዕቃዋን ጥላ ትሮጣለች። ከተያዘች ዘመድ ወዳጅ ገንዘብ አዋጥቶ ያስፈታታል። ደረሰኝ የለም፤ የተከሰሰችበትን አንቀጽ የሚያውቅም የለም። በሳምንቱ ሌላዋ ትያዛለች፤ እንደገና ይዋጣል። በደሉ በየቤቱ ይወራል፤ አንድ ላይ ስላልተቆጠረ ግን ባለሥልጣን ፊት የሚቀርብ ማስረጃ አይሆንም።

«የያዙን ሐበሻ ስለሆንን ነው» እንላለን። እውነት ሊሆን ይችላል። ዳኛው፣ የፖሊስ አዛዡ ወይም የስደተኞች ጉዳይ ኃላፊው ግን መልሶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ የሚገባ ማኅበረሰብ ይደመጣል፤ ምሬቱን ብቻ ይዞ የሚገባ ተጽናንቶ ይመለሳል። ይህ መመሪያ መልሱን ደረጃ በደረጃ እንድታዘጋጁ የተጻፈ ነው።

የተጻፈውም በሳጃና፣ በዴምና በአካባቢያቸው ለሚኖሩ ወይም ለኖሩ ኢትዮጵያውያንና ጎረቤቶቻቸው ነው። ሚያዝያ 2023 ከተነሣው ጦርነት ወዲህ ብዙዎቻችሁ በገዳሪፍ፣ በከሰላ፣ በፖርት ሱዳን፣ በካይሮና በጁባ ተበትናችኋል፤ ካርቱም በ2025 ወደ ሠራዊቱ እጅ ከተመለሰች በኋላ ደግሞ የተመለሱ አሉ። ስለዚህ ጥናቱ ሁለት መልክ ሊይዝ ይችላል፦ ከተበተኑት ጋር በስልክ ስላለፈው፣ ወይም ከተማው ውስጥ ካሉት ጋር ስለ አሁኑ። የዓመታቱ አቆጣጠር በሙሉ የአውሮፓውያን ነው።

1. መጀመር ይቻል እንደሆነ አረጋግጡ

ከሁሉም በፊት የምትመልሱት ጥያቄ «ይህ ሥራ ሰው ያስይዝብናል ወይ?» የሚለው ነው። በጦርነት ውስጥ ባለች አገር መጠይቅ ይዞ መዞር በስለላ ሊያስጠረጥር ይችላል። በኬላዎች ላይ ስልክ ይፈተሻል። ከተማዋ ወደ ሠራዊቱ ከተመለሰች ወዲህ «ከጠላት ጋር ተባብረሃል» በሚል ሰዎች እንደተያዙና እንደተበቀሉ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል፤ ጥርጣሬውም ከዳርፉር በመጡና በደቡብ ሱዳናውያን ላይ የበረታ ነበር።

ሦስት ሁኔታዎችን አጣሩ። አንደኛ፣ የምታምኑት ሱዳናዊ ጠበቃ አለ? ሁለተኛ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አገልጋዮች ሥራውን ያውቁታል? ሦስተኛ፣ ከእናንተ አንዱ ቢያዝ ማን ምን እንደሚያደርግ ተነጋግራችኋል? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በከተማው ውስጥ አትጀምሩ፤ ከሱዳን ውጭ ካሉት ጋር በሚደረገው የስልክ ጥናት ብቻ ተወሰኑ። ያ ቢዘገይም ዋጋው ያው ነው።

የተለመደው ስሕተት ድፍረትን እንደ ዝግጅት መቁጠር ነው። የምታጠኑት የሌሎችን ሕይወት ስለሆነ አደጋውን ለእነሱ አትወስኑላቸውም።

2. ጥያቄውን አጥብቡ

«ፖሊስ ሐበሻን ለምን ይበድላል?» የሚል ጥያቄ አይለካም። አንድ ሰው ከመንገድ ተነሥቶ እስኪፈታ ወይም እስኪባረር ድረስ ሰባት በሮችን ያልፋል፤ በየበሩም አንድ ባለሥልጣን ይወስናል፦

- መንገድ ላይ ማስቆምና ወረቀት መጠየቅ፣
- ወደ ጣቢያ መውሰድ፣
- በጣቢያ የማቆያው ጊዜ፣
- በዋስ መልቀቅ ወይም መከልከል፣
- የክሱ ዓይነት፣
- በፍርድ ቤት አስተርጓሚና ጠበቃ ማግኘት፣
- ቅጣቱ፦ የገንዘብ፣ የእስር ወይም ከአገር ማስወጣት።

አድልዎ በሁሉም በር ላይ እኩል አይደርስም። ምናልባት ሁሉም ሰው እኩል ይቆማል፤ ወደ ጣቢያ የሚወሰደው ግን ሐበሻው ነው። ምናልባት የሚያዙት እኩል ናቸው፤ ዋስ የሚያጣው ግን ሱዳናዊ ዘመድ የሌለው ነው። በየትኛው በር ላይ ልዩነቱ እንደሚፈጠር ካላወቃችሁ የምትጠይቁት ማስተካከያ የተሳሳተ በር ያንኳኳል።

ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት በሮች ብቻ ምረጡና ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦ «ባለፉት 12 ወራት በሳጃና ገበያ ሻይ ከሚሸጡት ሴቶች መካከል ሐበሾቹ ከሱዳናውያቱ ይልቅ በብዛት ወደ ጣቢያ ተወስደዋል ወይ? ተወስደውስ ደረሰኝ አግኝተዋል?» ቦታ፣ ጊዜ፣ ሥራና ንጽጽር በአንድነት ገብተውበታል። ስለ ቅድመ ጦርነት የምታጠኑ ከሆነ ከሚያዝያ 2023 በፊት ያለውን አንድ ዓመት ያዙ፤ የሁለቱን ጊዜ መልሶች ፈጽሞ አትደባልቁ።

3. ቡድኑን አቋቁሙ

ከስምንት እስከ አሥር ሰው ይበቃል። በሙሉ የተማሩ ሰዎች መሆን የለባቸውም፤ ይልቁንም ከሻው የሚደርስባቸው ሻይ ሻጮች፣ የቤት ሠራተኞች፣ የቀን ሠራተኞችና የራክሻ ሾፌሮች ጥያቄውን ሲያወጡ መገኘት አለባቸው። በኒው ዮርክ ከተማ በሳውዝ ብሮንክስ በ2011 የተጀመረው የሞሪስ ጀስቲስ ፕሮጀክት የሠራው እንዲሁ ነው። ፖሊስ እያስቆመ ይፈትሻቸው የነበሩ ነዋሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ተቀምጠው መጠይቁን ራሳቸው አወጡ፣ ከ1,000 የሚበልጡ ጎረቤቶቻቸውንም ጠየቁ። ውጭ ሆኖ የሚመለከት ተመራማሪ የማያስበውን ጥያቄ የሚያውቀው የደረሰበት ሰው ነው።

ከኢትዮጵያውያን ብቻ አትሰብስቡ። ኤርትራውያን፣ ደቡብ ሱዳናውያን፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር የመጡ ጎረቤቶች ከሻን ያውቁታል፤ እነሱን ያላካተተ ጥናት ግማሽ እውነት ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ዐረብኛ የሚናገር ሰው በቡድኑ ውስጥ ይኑር። ሴቶችን የሚያነጋግሩ ሴቶች የግድ ያስፈልጋሉ፤ በጣቢያ ውስጥ የደረሰባትን አንዲት እህት ለወንድ አትነግርም።

የገንዘብ አያያዙን ከእድር ውሰዱ፦ አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሒሳብ። የራክሻና የስልክ ወጪ ለሁሉም ይከፈል፤ የቀን ገቢዋን ትታ ለምትሠራ ሻይ ሻጭም የጎደለው ይተካላት። ነፃ ጉልበት ላይ የቆመ ጥናት በሁለተኛው ወር ይበተናል።

4. መለኪያውን ከሕጉ ውሰዱ

ሕጉን ሳታውቁ «ያለ ሕግ ያዙን» ብትሉ አንድ አንቀጽ ተጠቅሶ ጥናታችሁ በሙሉ ይወድቃል። ከጠበቃው ጋር አንድ ቀን ተቀምጣችሁ የሚከተሉትን አጣሩ፤ በጦርነቱ ጊዜ የወጡ የአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዞች ካሉም ጨምሩ።

ሱዳን የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ተቀብላለች፤ ስደተኛን ሕይወቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር መመለስ በዚያ ክልክል ነው። ነገር ግን ሱዳን የመንቀሳቀስ ነፃነትን በሚመለከተው 26ኛው አንቀጽ ላይ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣለች፤ የ2014ቱ የጥገኝነት ሕግም ያለ ፈቃድ ከካምፕ መውጣትን ያስቀጣል። ስለዚህ «ስደተኛ በካርቱም መያዙ ሁልጊዜ ሕገ ወጥ ነው» አትበሉ። የሚያዋጣው ክርክር «ሕጉ በሁሉም ላይ እኩል ይሠራል ወይ? ሥርዓቱስ ተጠብቋል ወይ?» የሚለው ነው።

ለዚያ ጠንካራ መሠረት አለ። ሱዳን የዘር አድልዎን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1977፣ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን በ1986 ተቀብላለች። የቃል ኪዳኑ 14ኛ አንቀጽ የችሎቱን ቋንቋ የማይረዳ ተከሳሽ በነፃ አስተርጓሚ እንዲያገኝ ያዛል። በ1991ዱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ ለምርመራ ብሎ ሰውን በራሱ ሥልጣን የሚያቆየው ለ24 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ የዐቃቤ ሕግ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሴቶችን ሲያሳድድ የነበረው የካርቱም የሕዝባዊ ሥርዓት ሕግ በኅዳር 2019 ተሽሯል፤ በ2020 የተደረገው የወንጀል ሕግ ማሻሻያም ሙስሊም ያልሆኑ ሰዎች አልኮል በመጠጣታቸው እንዳይቀጡ አድርጓል። ዐረቂ መሸጥን የሚመለከተው ክስ ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ከዚህ በመነሣት የጥያቄ ዝርዝር አውጡ፦ ስንት ሰዓት ቆየሽ? ዐቃቤ ሕግ ፊት ቀረብሽ? አስተርጓሚ ነበረ? እያንዳንዱ ጥያቄ ከኋላው አንድ የሕግ ግዴታ ይኑረው።

5. መጠይቁን አዘጋጁ፣ ሞክሩትም

መጠይቁ ከ20 ደቂቃ አይለፍ። ከከሻ የተረፈች ሴት ከዚያ በላይ አትቀመጥም። ይዘቱ በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይሠራል፦

- ሥራ፣ ፆታ፣ የዕድሜ ክልል (ትክክለኛ ዕድሜ አይደለም)፣ የሚናገሩት ቋንቋ፤
- ከየት ማኅበረሰብ እንደሆኑ፣ በራሳቸው አነጋገር፤
- ወረቀት፦ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ የስደተኛ ካርድ፣ ፓስፖርት ወይም ምንም፤ ጊዜው ያለፈበት መሆን አለመሆኑ፤
- በተወሰነው ጊዜ ስንት ጊዜ ፖሊስ አስቆማቸው፣ ስንት ጊዜ ወደ ጣቢያ ተወሰዱ፤
- ስለ መጨረሻው አያያዝ ብቻ፦ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ቆይታው፣ ዋሱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ ደረሰኙ፤
- ምን ቢለወጥ ይሻላቸዋል።

«ስለ መጨረሻው አያያዝ ብቻ» የሚለውን አጥብቃችሁ ያዙ። ሰው ተናገር ሲባል የሚያስታውሰው እጅግ የከፋውን ነው፤ የከፋው ብቻ ከተሰበሰበ ደግሞ ሥዕሉ ይዛባል። ጊዜውን ለማስታወስ በዓላትን ተጠቀሙ፦ «ከፋሲካ በፊት ነው? በረመዳን ወር ነበር?»

የሚመራ ጥያቄ አትጠይቁ። «ፖሊሶቹ ሐበሻ ስለሆንሽ ሰደቡሽ?» ከማለት «ሲይዙሽ ምን አሉሽ?» በሉ። መጠይቁን በየቋንቋው ካዘጋጃችሁ በኋላ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰውና ከመጀመሪያው ጋር አመሳክሩ። ከዚያ በአሥር ሰው ሞክሩት። ሰው የሚደናገርበትንና የሚያለቅስበትን ጥያቄ ለዩ፤ የሚያስለቅሰው አስፈላጊ ካልሆነ ይሠረዝ።

6. ፈቃድና ምስጢር

ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የቤት አድራሻ፣ የስደተኛ ካርድ ቁጥርና ፎቶግራፍ አትውሰዱ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ኮድ ስጡት። የስልክ ጥናት ከሆነና ቁጥር የግድ ከሆነ ኮድና ቁጥር የሚያያዝበት ወረቀት ከሱዳን ውጭ ባለ አንድ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ መልሶቹ ሌላ ቦታ ይሁኑ። ስለ ፖለቲካ አቋም፣ ስለ ጦር እንቅስቃሴ፣ ስለ ድንበር አሻጋሪዎች አትጠይቁ፤ ሰው በራሱ ቢያወራም አትጻፉ። መልሱን በቀጥታ በስልክ የምትመዘግቡ ከሆነ ኮቦ ቱልቦክስ የተባለው የመጠይቅ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ቅጹ እንዲመሰጠር ማድረግ ይቻላል። ሆኖም ከላካችሁ በኋላ ከስልኩ አጥፉት። በከተማው ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ወረቀት ይዞ ከመዞር ትንሽ ምልክት ብቻ የሚደረግበት፣ ለሌላ ሰው ትርጉም የሌለው ቅጽ ይሻላል።

ፈቃድ የምትጠይቁበትን ቃል ሁላችሁም በአንድ ዓይነት ተናገሩ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን እንደምትጠይቁ፣ አለመመለስ እንደሚቻል፣ በመሐል ማቋረጥ እንደሚቻል፣ መልሱን በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ማስጠፋት እንደሚቻል።

አንድ ነገር በተለይ በግልጽ ይነገር፦ «ይህ ለሪሴትልመንት አይደለም፤ ኬዝሽን አያፋጥንም፤ ገንዘብም አያስገኝም።» ይህ ካልተባለ ሰው ተስፋ አድርጎ ታሪኩን ያከብደዋል፤ ተስፋው ሲቀር ደግሞ በማኅበረሰቡ ላይ ያለው እምነት ይሰበራል። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑትን አትጠይቁ። የፆታ ጥቃት የነገረቻችሁ እህት ካለች ዝርዝሩን ለመጻፍ አትቸኩሉ፤ ወደ ሕክምና ወይም ወደ ታመነ ረዳት የምትደርስበትን መንገድ ቀድማችሁ አዘጋጁላት።

7. የንጽጽር ቡድኑን ምረጡ

ጥናቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። የተያዙትን ብቻ ከጠየቃችሁ ሁሉም «ተይዣለሁ» ይላሉ፤ ከዚያ ምንም አይታወቅም። ያልተያዙትንም፣ ሐበሻ ያልሆኑትንም መጠየቅ አለባችሁ። ንጽጽሩም ተመሳሳይ ሥራ በተመሳሳይ ቦታ በሚሠሩት መካከል ይሁን፦ ሻይ ሻጭ ከሻይ ሻጭ፣ የራክሻ ሾፌር ከራክሻ ሾፌር ጋር። ሻይ ሻጭን ከባለ ሱቅ ጋር ብታነጻጽሩ «ልዩነቱ የሥራ ነው» ትባላላችሁ።

አመራረጡ ለዘመድና ለወዳጅ እንዳያደላ በገበያው ከአንድ ጥግ ተነሡና እያንዳንዷን ሦስተኛ ሻይ ሻጭ ጠይቁ። እምቢ ያለችም ትመዝገብ፦ «እምቢ» ተብሎ ብቻ። በስልክ ጥናት ደግሞ እያንዳንዱ መላሽ ሌሎች ሁለት ሰዎች እንዲጠቁም ጠይቁ፤ አንዱ ፈጽሞ ያልተያዘ ይሁን። እንዲህ ያለው የጥቆማ ሰንሰለት መላውን ማኅበረሰብ እንደማይወክል በሪፖርቱ ላይ ግለጹ።

8. በመስክ

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው አካባቢውን ይመልከት። ከሻ በተደረገ ማግሥት፣ በእርዳታ ሰልፍ ላይና በጣቢያ በር አጠገብ አትጠይቁ። ሻይ ሻጮችን ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት አግኟቸው። ፖሊስን በድብቅ አትቅረጹ፤ አንድ ቪዲዮ የቡድኑን ሥራ ሁሉ ያስይዛል።

ከቃል ውጭ ያለውን ማስረጃም ሰብስቡ፦ የቅጣት ደረሰኝ፣ የክስ ወረቀት፣ የመፈቻ ወረቀት። ባለቤቱ ፈቅዶ ስሙና ቁጥሩ ተሸፍኖ ይገለበጥ፤ ዋናው በዚያው ቅጽበት ይመለስ። የማንንም ኢቃማ ወይም ካርድ ለአንድ ሌሊት እንኳ አታሳድሩ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ሲሆን ጠበቃው ወይም ሱዳናዊ የቡድኑ አባል ገብቶ መከታተል ይችላል፦ ስንት ጉዳይ ታየ፣ ለስንቱ አስተርጓሚ ተገኘ፣ እያንዳንዱ ጉዳይ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ቅጣቱ ስንት ሆነ።

እያንዳንዱን መረጃ በሦስት መድቡ፦ «በራሴ ደረሰ»፣ «በዓይኔ አየሁ»፣ «ሰማሁ»። ሦስተኛው ለግንዛቤ እንጂ ለቆጠራ አይገባም። ስለ ሌላ ሰው የተነገረው ሲቆጠር አንድ እስር አምስት ይሆናል።

9. ቁጥሩን አንብቡ

ለማሳያ ብቻ ያወጣሁትን ስሌት ተመልከቱ። 60 ሐበሻና 60 ሱዳናውያት ሻይ ሻጮች ጠየቃችሁ እንበል። ከሐበሾቹ 24፣ ከሱዳናውያቱ 8 ወደ ጣቢያ ተወስደዋል። 40 ከመቶ ከ13 ከመቶ ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ነው። አሁን ቀጥሎ ያለውን በር ተመልከቱ፦ ከ24ቱ 18፣ ከ8ቱ 6 ደረሰኝ አላገኙም። በሁለቱም 75 ከመቶ ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ደረሰኝ አለመስጠት የሁሉም በደል ነው፤ አድልዎው ያለው በአያያዙ ላይ ነው። ደረሰኝን በሚመለከት ከሱዳናውያት እህቶች ጋር በአንድነት ትጠይቃላችሁ፤ አያያዙን በሚመለከት ደግሞ ለብቻ የተለየ ጥያቄ አላችሁ።

«ወረቀት ስለሌላቸው ነው» የሚለው መልስ መምጣቱ አይቀርም። ቀድማችሁ ፈትሹት። ከ60ዎቹ ሐበሾች ጊዜው ያላለፈበት ወረቀት ያላቸው 30 ናቸው እንበል፤ ከእነሱ 9 ተይዘዋል። 30 ከመቶ ማለት ነው። ከ40 ቢያንስም ከ13 ይበልጣል። ስለዚህ ወረቀት ልዩነቱን በከፊል ያብራራል፤ በሙሉ ግን አያብራራም። ይህን በራሳችሁ ስትናገሩ ተአማኒነታችሁ ይጨምራል።

ሌላው መፈተሻ የፍተሻው ውጤት ነው። በኒው ዮርክ በ2011 ፖሊስ ከ685,000 ጊዜ በላይ ሰው አስቁሟል፤ ከአሥሩ ዘጠኝ በሚጠጉት ላይ ክስም እስርም አልተከተለም። ብዙ እያስቆመ ጥቂት ጥፋት የሚያገኝ ፍተሻ ከጥፋት ሌላ ነገር እየተከተለ ነው ማለት ነው። እናንተም ከቆሙት ሰዎች ውስጥ ስንቶቹ ወረቀታቸው ትክክል ሆኖ እንደተገኘ ለየማኅበረሰቡ አስሉ።

ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ በመቶኛ አታግንኑት፤ ከሦስት ሰው ሁለቱን «67 ከመቶ» ማለት ማጋነን ነው። ከአምስት ሰው በታች የሆነ ቁጥርም አታትሙ፤ በትንሽ ሰፈር ማን እንደሆነ ይታወቃል። ጥናታችሁ አድልዎ የለም ካለበት ቦታም እንዳለ ጻፉት።

10. መጀመሪያ ለማኅበረሰቡ መልሱ

ሪፖርቱ ለማንም ባለሥልጣን ከመድረሱ በፊት የመለሱት ሰዎች ይስሙት። በየቤቱ ቡና ላይ በትንንሽ ቡድን አንብቡላቸው፤ ብዙ ሕዝብ መሰብሰብ አያስፈልግም። ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ ቁጥሩ እናንተ ከምታውቁት ጋር ይስማማል? ቢወጣ የሚጎዳችሁ ነገር አለ? መጀመሪያ ምን ይለወጥ? «ይህ ይቅር» ያሉት ይቅር። የመለሱትን ሰዎች ሳያሳዩ ሪፖርት ማውጣት በጥናቱ ላይ የሚፈጸም ትልቁ በደል ነው፤ ቀጣዩንም ጥናት ይዘጋል።

11. ለሚወስኑት አቅርቡ

ሪፖርቱ ከአራት ገጽ አይብለጥ፤ በዐረብኛ ይጻፍ። በመጀመሪያው ገጽ አንድ ሠንጠረዥና ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ይኑሩ። ጥያቄዎቹ ባለሥልጣኑ ነገ ሊፈጽማቸው የሚችላቸው ይሁኑ፦ ለእያንዳንዱ ቅጣት ደረሰኝ ይሰጥ፤ የስደተኛ ካርድ የያዘ ሰው ወደ ጣቢያ ከመወሰዱ በፊት ካርዱ በስልክ ይጣራ፤ በችሎት የአማርኛ፣ የትግርኛና የአፋን ኦሮሞ አስተርጓሚ ይኑር። «ዘረኝነት ይቁም» የሚል ጥያቄ ማንም ይስማማበታል፤ ማንም ግን አይፈጽመውም።

ለማን? ለአካባቢው ፖሊስ አዛዥ፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለሱዳን የስደተኞች ኮሚሽንና ለዩኤንኤችሲአር፣ በጠበቃው በኩል። የአገር ውስጡ በር ሲዘጋ በ2023 በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት የተቋቋመው የሱዳን አጣሪ ተልእኮና የዘር አድልዎን የሚከታተለው ኮሚቴ መረጃ ይቀበላሉ። ኤምባሲን በሚመለከት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለሥራ የመጣ ሰው ሲያዝ ለኤምባሲው እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት አለው፤ ከአገሩ ሸሽቶ የወጣ ስደተኛ ግን ጉዳዩ ያለ ፈቃዱ ለኤምባሲ መድረስ የለበትም። ሁለቱን በአንድ ዝርዝር አታቅርቡ።

ሥራው ፍሬ እንደሚያፈራ ከቤተ እስራኤል ወገኖቻችን እንማራለን። በእስራኤል በ2015 አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ከወጣ በኋላ የተነሣው ተቃውሞ መንግሥት ኮሚቴ እንዲያቋቁም አደረገ። የፓልሞር ኮሚቴ በመባል የሚታወቀው ይህ ቡድን በ2016 ሪፖርቱን ሲያቀርብ አድልዎ መኖሩን በመንግሥት ሰነድ ላይ አሰፈረ። ጠበቃ የተባለው የቤተ እስራኤል የሕግ ድርጅትና ሌሎች ማኅበራትም የፖሊስን ሥልጣን በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ ፍርድ ቤቱ በጥር 2021 ፖሊስ ያለ በቂ ጥርጣሬ ሰውን አስቁሞ መታወቂያ መጠየቅ እንደማይችል ወሰነ። ተቃውሞው በር ከፈተ፤ በበሩ የገባው ግን የተደራጀ ማስረጃና የሕግ ክርክር ነው።

12. መልሳችሁ ለኩ

ቃል የተገባላችሁ ለውጥ መፈጸሙን የምታውቁት ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ መጠይቅ፣ በዚያው ገበያ፣ በዚያው የአመራረጥ ዘዴ ስትደግሙት ነው። ጥያቄዎቹን «እናሻሽል» ብላችሁ ከለወጣችኋቸው ሁለቱ ውጤቶች አይነጻጸሩም። መረጃውን እስከ መቼ እንደምታቆዩትና መቼ እንደምታጠፉት በቃለ ጉባኤ ወስኑ። ቡድኑ ቢበተን እንኳ ቅጹና ዘዴው ለሚተካው ይተላለፍ።

በዚህ ሳምንት የሚሠራው

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ትንሽ ነው። የምታምኗቸውን ሦስት ሰዎች ጥሩ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት፣ ቢያንስ አንዱ ሐበሻ ያልሆነ ይሁን። ጠበቃ ፈልጉ። ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» የሚለውን ይመልስ እንደሆነ ፈትኑት። ቤት ውስጥ የተጣሉ የቅጣት ደረሰኞች ካሉ አትጣሏቸው ብላችሁ ለጎረቤት ንገሩ። ለማስፈቻ በየጊዜው ከምናዋጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለዚህ ሥራ ቢውል የሚቀጥለው መዋጮ ይቀንስ ዘንድ የሚጠይቅ ሰነድ በእጃችን ይኖራል። እህቶቻችን በሥራቸው ላይ ተቀምጠው የመዋል መብት አላቸው፤ ያንን መብት ለማስከበር የሚበቃ ጥንቃቄና ትዕግሥት በማኅበረሰባችን ውስጥ አለ።